ማንነቴን ተዉልኝ፣ ሥራዬን አሳንሱልኝ

ከ2 ወር በፊት አንድ ወዳጄ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። ከሥሩ «አንተን እያየ የጻፈው ነው የሚመስለው» የሚል አክሎበታል። ወዳጄ ክፉ ሰው አይደለም። ሥራ ሳሳድር 20 ዓመት ሙሉ ያየኝ ሰው ነው። ጽሑፉን በዚያው ሌሊት አነበብኩት። በዚያ ሌሊት መሥራት የነበረብኝ ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ዛሬ ነገ የምንለው ጊዜ አጥሮን አይደለም። ራሳችንን የምናይበት ዓይን ስለተበላሸ ነው። «እኔ ሰነፍ ነኝ» ብሎ ያመነ ሰው እንደ ሰነፍ ይኖራል። ስለዚህ መድኃኒቱ ማንነትን መቀየር ነው። በየጠዋቱ መስታወት ፊት ቆሞ «እኔ ሥራዬን በሰዓቱ የምሠራ ሰው ነኝ» ማለት። አዲሱን ማንነት ለሚያውቁን ሁሉ ማወጅ። 21 ቀን ሳያቋርጡ እንደዚያ መኖር። ለድሮው ሰውዬ አንዲት ቀን እንኳ ምሕረት አለማድረግ። የቀን ገደብ፣ የሥራ ዝርዝርና የመሳሰሉትን ምርኩዞች መጣል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የቤት ሥራ አለ፤ አዲሱን ሰው በእጅ ጽሑፍ አንድ ገጽ ሙሉ መግለጽ።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ጸሐፊው አንባቢን አይሰድቡም፣ አያስፈራሩም። ግማሹን አሜን ብዬ ተቀብያለሁ። ሌላው ግማሽ ግን እንደኔ ዓይነቱን ሰው ጭራሽ ያባብስበታል ብዬ አምናለሁ። ይህን ምላሽ የምጽፈውም ለዚያ ነው። በተራ ልሂድበት።

ችግሩ የጊዜ አይደለም ይላሉ። እውነት ነው። ሥራ የሚያሳድር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጊዜ ሞልቶት ነው የሚያሳድረው። ስለ ሰዓት አጠቃቀም ልምከርህ ቢሉት እሱ ራሱ ይመክራቸዋል፤ ከማንም በላይ አንብቦበታላ። ፒርስ ስቲል የተባለ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ2007 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስቦ መርምሮ ነበር። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ሥራን ከማሳደር ጋር ጎልተው ከታዩት ነገሮች ውስጥ የሥራው አስጠሊነት፣ የውጤቱ ሩቅነት፣ «እችለዋለሁ» የሚል እምነት ማነስና በቅጽበታዊ ፍላጎት መነዳት ይገኙበታል። በ2013 ደግሞ ፉሺያ ሲሯና ቲሞቲ ፒችል ነገሩን በቀጥታ ከስሜት ጋር አያያዙት። ሥራው ያስጨንቀኛል። ገፋ ሳደርገው ጭንቀቱ ለጊዜው ይለቀኛል። ሒሳቡን የሚከፍለው የነገው እኔ ነው።

ጸሐፊው ግን እዚህ ጋ አንድ ደረጃ ዘለሉ። ችግሩ ጊዜ ካልሆነ ማንነት ነው አሉ። በመሀል ስሜት አለ እኮ! ደውሎ ይቅርታ መጠየቅ ያለበት ሰው ስልኩን እያየ ቀኑን ቢያሳልፍ፣ ስለ ራሱ ያለው ግምት ስለወደቀ ላይሆን ይችላል። አፍሮ ነው። ቅጽ መሙላት የሚያመነታም ሰው፣ አራተኛው ጥያቄ ስላልገባው ይሆናል። የሚያስረዳው ቢያገኝ በአሥር ደቂቃ ይጨርሳል። ለእያንዳንዱ ያደረ ሥራ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ መጠየቅ፣ ራሱን ያመመውን ሁሉ ቀዶ ሕክምና እንደማስገባት ነው።

ሌላም የተዘለለ ነገር አለ። በ2014 በመንትዮች ላይ የተሠራ አንድ ጥናት በዚህ ጠባይ ሰዎች ከሚለያዩበት ልዩነት 46 በመቶ ያህሉ ከዘር ውርስ ጋር እንደሚያያዝ ገምቷል። ይህ ዕጣ ፈንታ ነው ማለት አይደለም። ግን ለአንዱ ሜዳ የሆነው ለሌላው ዳገት መሆኑን ይነግረናል። በድባቴ ወይም ትኩረት መሰብሰብ በሚያሳጣ ሕመም የሚቸገር ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ሐኪም ነው። እንደዚህ ያለውን ሰው «ራስህን የምታይበት ዓይን ነው የተበላሸው» ማለት በሸክሙ ላይ ሸክም መጨመር ይሆናል።

ቀጥሎ ስሙ ይመጣል። «ሰነፍ ነኝ» ማለት ይቅር ይላሉ። እዚህ ላይ ከልቤ አብሬያቸው ነኝ። ቋንቋችን ራሱ ልዩነቱን ያውቀዋል። «ዛሬ ሰነፍኩ» ያለ ሰው ስለ ዛሬ ነው የተናገረው። ነገ ሌላ ቀን ነው። «ሰነፍ ነኝ» ያለ ግን ስለ ትናንትም፣ ስለ ነገም፣ ስለ ገና ያልተወለዱ ቀኖቹም ፈርዷል። ያቺ «ነኝ» የምትባል ቃል ከባድ ናት። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይቺን ስም ግን ያወጣናት ራሳችን ስለሆንን፣ መልአኩን ሳናስቸግር ልናነሳት እንችላለን።

እንግዲህ መጥፎው ስም ከተነሳ ቦታው ባዶ ቢቀር ምን ነበረበት? ጸሐፊው ቶሎ ብለው ጥሩ ስም ይተኩበታል፤ በየጠዋቱ መስታወት ፊት። በ2009 የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ውድና ባልደረቦቿ ይህን መሰል ነገር ፈትነው ነበር። ተሳታፊዎቹ «እኔ የምወደድ ሰው ነኝ» የሚል ዓይነት ዓረፍተ ነገር እንዲደጋግሙ ተደረገ። ድሮም ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ትንሽ ደስ አላቸው። ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ግን ካልደጋገሙት ጓደኞቻቸው ይልቅ ባሰባቸው። ጤነኛውን የሚያበረታ፣ ታማሚውን የሚያደክም መድኃኒት ማለት ነው።

ለምን እንደሆነ በራሴ አይቼዋለሁ። የጸሐፊውን ምክር 4 ቀን ሞክሬዋለሁ። «እኔ ሥራዬን በሰዓቱ የምሠራ ሰው ነኝ» ስል ከውስጤ አንድ ዐቃቤ ሕግ ተነስቶ መዝገብ መግለጥ ይጀምራል። ያልመለስኩት መልእክት። «የመጨረሻ» ከሚል ስም በኋላ «የመጨረሻ 2» እና «እውነተኛው የመጨረሻ» የተባሉ ፋይሎች። በአራተኛው ቀን መስታወቱን ሳላይ ጥርሴን ፋቅኩ። ላም አለኝ በሰማይ የሚለው ተረት ትዝ አለኝ፤ ወተቷንም አላይ።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ምክር አላቸው። ግሡን ትታችሁ ስሙን ያዙ ይላሉ። «እሮጣለሁ» አትበል፣ «ሯጭ ነኝ» በል። «እጽፋለሁ» አትበል፣ «ጸሐፊ ነኝ» በል። ይህንን የሚደግፍ ጥናት በምርጫ ላይ ተደርጓል ብለው ያልፋሉ። ጥናቱ የክሪስቶፈር ብራያንና የባልደረቦቹ ይመስለኛል፤ የወጣው በ2011 ነው። በአሜሪካ ምርጫ ዋዜማ ሰዎችን በሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን ስለ «መምረጥ»፣ ለሌላው «መራጭ ስለ መሆን» የሚጠይቅ መጠይቅ ሰጡ። «መራጭ መሆን» የሚለው የደረሰው ወገን በብዛት ወጥቶ መረጠ። ደስ የሚል ውጤት ነው። በ2016 ግን አለን ገርበርና ባልደረቦቹ በጣም ብዙ ሰው ይዘው ደገሙትና ምንም ልዩነት አላገኙም። የመጀመሪያዎቹ ተመራማሪዎች ደግሞ የእናንተ ምርጫ እንደኛው ዓይነት አልነበረም ብለው ተሟገቱ። ክርክሩ ይህን ይመስላል። ጸሐፊው ግን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ነው ያነበቡልን።

ክርክሩን ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ምርጫ የአንድ ቀን ነገር ነው። ሄዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ይመለሳል። ለወራት የሚጎተት፣ እየወደቁ እየተነሱ የሚሠራ ሥራ ላይ «ነኝ» ምን ታደርጋለች? እዚህ ላይ በጣም የምወደው አንድ ጥናት አለ፤ በሕፃናት ላይ የተሠራ። ኤሚሊ ፎስተር-ሃንሰንና ባልደረቦቿ ለአንዳንዶቹ ልጆች «እንርዳ»፣ ለሌሎቹ «ረዳቶች እንሁን» አሏቸው። ከዚያ ልጆቹ ሊረዱ ሲሞክሩ ነገሩ እንዲበላሽባቸው ተደረገ። ከተሳናቸው በኋላ ይበልጥ ቅር የተሰኙት «ረዳት» የተባሉት ልጆች ሆኑ። አንጀት ይበላል። «እንርዳ» የተባለው ልጅ የጠፋበት አንድ ሙከራ ነው። «ረዳት» የተባለው ግን ስሙን ነው የተቀማው።

እንግዲህ ራሱን «በሰዓቱ የምሠራ ሰው» ብሎ የሰየመ ሰው ማክሰኞ ቀን ሥራውን ቢያሳድርስ? ሥራው ማደሩ አንድ ነገር ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ውሸታም ሆኖ ያርፈዋል። ረቡዕ ጠዋት ወደዚያ ሥራ ሲመለስ የሚጠብቀው ሥራው ብቻ አይደለም፤ ውርደቱም ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ታዲያ ማን ይመለሳል?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ጸሐፊው አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አልፈዋል። የምናሳድረው የትኛውን ሥራ ነው? ሁሉንም እኮ አይደለም። በማሳደር የታወቀ ሰው እንኳ ከጠዋት እስከ ማታ ስንት ነገር ይሠራል። ሰው ሲቸገር ፈጥኖ ይደርሳል። የማይመለከተውን ሥራ ተሻምቶ ይወስዳል። ዋናውን ለመሸሽ ሲል ቁም ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ያስተካክላል። ጉልበት ሞልቶታል። ያቺን አንዲት ሥራ ብቻ ነው የማይነካት።

ያቺ ሥራ ምን የተለየ ነገር አላት? ጆሴፍ ፌራሪና ዳያን ታይስ በ2000 ያወጡት ሙከራ ለኔ ከሁሉም በላይ ይህን ይነግረኛል። ተሳታፊዎቹ የሒሳብ ሥራ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ በፊት እንዲለማመዱበት ጊዜ ተሰጣቸው፤ ጎናቸው ግን ጨዋታዎችም ነበሩ። ሒሳቡ ችሎታችሁን የሚለካ ፈተና ነው ሲባሉ፣ ማሳደር የለመደባቸው ሰዎች ጊዜያቸውን በጨዋታው አጠፉት። ያው ሒሳብ እንዲሁ መዝናኛ ነው ሲባሉ ግን ከሌላው ሰው ምንም አልተለዩም። ቁጥሩ ያው ቁጥር፣ ሥራው ያው ሥራ። የተቀየረው ሥራው ስለ ሠሪው ይመሰክራል ወይስ አይመሰክርም የሚለው ብቻ ነው።

ይህን ሳነብ መምህሬ ትዝ አሉኝ። ጸሐፊው መስታወት ፊት ቁም ባሉኝ ሰሞን መምህሬ ከኔ መልስ እየጠበቁ ነበር። በሕይወቴ እንደሳቸው የማከብረው ሰው ጥቂት ነው። የጻፉትን 4 ገጽ ልከውልኝ «እስቲ እየውና ምን እንደተሰማህ ንገረኝ» ብለውኛል። በደረሰኝ ሌሊት አነበብኩት። ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት። መልሱ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ግን ዝም ብሎ መልስ እንዴት ይጻፋል? የእሳቸው ተማሪ የጻፈው መምሰል አለበት። በሳል መሆን አለበት። ሳምንት አለፈ። አሁን ደግሞ ይቅርታም መጨመር አለበት። ወር አለፈ። ይቅርታው ምክንያት ያስፈልገዋል። ሦስት ወር ሲሆን በጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው መልስ መልእክት መሆኑ ቀርቶ የመመረቂያ ጽሑፍ አክሏል።

በነዚያው ሦስት ወሮች ውስጥ በስም እንኳ ለማላውቃቸው ሰዎች በደርዘን የሚቆጠሩ መልእክቶች መልሻለሁ። ብዙዎቹን በደረሱኝ ሰዓት። ለነሱ ፈጣን ነበርኩ። እነሱ ዘንድ ሚዛን ላይ አልወጣሁማ። መምህሬ ዘንድ ግን እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር እኔን ልትመዝን ነው። ታዲያ ጸሐፊው ለዚህ ሰው የሚያዝዙት ምንድን ነው? ሚዛኑን ማንሳት ነው ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ሚዛኑን ወደ እያንዳንዱ ሥራ አመጡት። ቅጽ መሙላትም ስለ ማንነትህ ይናገራል። ዕቃ ማጠብም ስለ ማንነትህ ይናገራል። አዲሱ አንተ በያንዳንዷ ደቂቃ ይፈተናል። እኔ ግን የታመምኩት ይህንኑ ነው!

በሙያው ያሉ ሰዎች ይህን ጨዋታ በሌላ ስምም ያውቁታል፤ ራስን አስቀድሞ ማሰናከል ይሉታል። ኤድዋርድ ጆንስና ስቲቨን በርግላስ በ1978 የጻፉበት ነው። ሰው ሊወድቅ እንደሚችል ሲፈራ ምክንያት የሚሆን እንቅፋት አስቀድሞ በራሱ መንገድ ላይ ያስቀምጣል። ለሊቱን ሙሉ ተቀምጦ በጥድፊያ የጨረሰ ሰው ውጤቱ ቢበላሽ «ጊዜ ቢኖረኝ ኖሮ» ይላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ማመካኛው ግን አይፈታም። የተሻለው እኔ፣ ጊዜ ቢኖረው ኖሮ ጉድ የሚያሰኘው እኔ፣ ሳይነካ ተጠብቆ ይቀመጣል። ይህን ሁሉ የምናደርገው ራሳችንን ስለምንንቅ ነው ቢሉኝ አላምንም። ራሳችን ላይ የሳልነውን ትልቅ ሥዕል እንዳይቆሽሽብን ነው የምንሸሽገው። ጸሐፊው ደግሞ የበለጠ ትልቅ ሥዕል ሳሉ ይሉናል።

ጫና ያሠራኛል፣ መጨረሻ ደቂቃ ላይ ነው የምደምቀው የሚል ሰው አይጠፋም። ጸሐፊው ይህን አላሉም፤ ግን ወዳጄ ሁሌ ስለሚለው እግረ መንገዴን ልመልስለት። ታይስና ሮይ ባውማይስተር በ1997 ተማሪዎችን በሴሚስተሩ መጀመሪያና መጨረሻ ተከታትለው ነበር። አሳዳሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ዘና ብለው፣ ጤናቸውም ደህና ሆኖ ነበር። መጨረሻ ላይ ጭንቀቱም ሕመሙም ከሌሎቹ በለጠባቸው። ውጤታቸውም ዝቅ አለ።

አዋጁን በተመለከተ ብዙ አልልም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ስለዚህ ለሰው ከነገሩ በኋላ መመለሻ የለም የሚል ይመስላል የጸሐፊው ስሌት። ፒተር ጎልዊትዘርና ባልደረቦቹ በ2009 ያገኙት ግን ሌላ ነው። የሕግ ተማሪዎችን ጥሩ የሕግ ባለሙያ ለመሆን ምን ሊያደርጉ እንዳሰቡ እንዲጽፉ አደረጉ። ሐሳባቸው በሌላ ሰው የታየላቸው ተማሪዎች፣ ማንም ካላየላቸው ይልቅ በተሰጣቸው የሕግ ጉዳይ ላይ ጥቂት ነው የሠሩት። «ጎበዝ» መባሉን ቀድመው ቀምሰውታላ። ለአንድ ሰው «ሐሙስ 2 ገጽ እልክልሃለሁ» ማለት ግን የተለየ ነገር ነው። ያኛው ዕዳ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ አዲስ ሰው ነኝ» ማለት ግን ለማን የሚከፈል ዕዳ ነው?

የ21 ቀኑ ነገር ደግሞ ከየት እንደመጣ ይታወቃል። በ1960 አንድ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ታካሚዎቹ አዲሱን ፊታቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። «ቢያንስ» የምትለው ቃል በመንገድ ላይ ጠፋች። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ተከታትለው በ2010 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ቀላል ልማድ ሳያስቡት የሚሠራ እስኪሆን የፈጀው በአማካይ 66 ቀን ገደማ ነው። ከሰው ሰው ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ልብ በሉ፤ ይህ ውኃ መጠጣትን ለመሰለ ቀላል ነገር ነው። እዚያው ጥናት ላይ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን እንዳላበላሸውም ታይቷል። ጸሐፊው ግን አንዲት ቀን ከተዘለለች ከአንድ ጀምር ይላሉ። በሃያኛው ቀን የዘለለ ሰው ምን ይሰማው?

ከዚህ ነው ምሕረት ወደሚለው የምሻገረው። ጸሐፊው ለድሮው ሰውዬ ምሕረት የለም ሲሉ ድምፃቸው ይጠነክራል። ጽሑፉ ውስጥ በጣም ያልወደድኩት ክፍል ይህ ነው። ማይክል ዎል፣ ፒችልና ሻነን ቤኔት በ2010 በ119 የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ላይ ያደረጉት ጥናት ተቃራኒውን ነው ያሳየው። ለመጀመሪያው ፈተና ጥናቱን እያሳደሩ ቆይተው በኋላ ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች፣ ለሚቀጥለው ፈተና ማሳደራቸው ቀነሰ። ነገሩ ከስሜት አንጻር ሲታይ አይገርምም። ራሱን የሚገርፍ ሰው ያንን ሥራ ባየው ቁጥር ዱላውን ያያል። ከዱላ ደግሞ ማንም ይሸሻል። ይቅር ያለ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው ሥራውን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ነጥባቸው የምርኩዙ ነው። አዲሱ ሰው የቀን ገደብ አያስፈልገውም፣ ዝርዝር አያስፈልገውም፣ ከውስጡ ይነዳል ይላሉ። እዚህ ላይ ፈገግ አልኩ። ዓይኑ የደከመ ሰው መነጽር ያደርጋል እንጂ «እኔ አጥርቼ የማይ ሰው ነኝ» እያለ መንገድ አይሻገርም። ዳን ኤሪየሊና ክላውስ ቨርተንብሮክ በ2002 ባወጡት ጥናት አንዱ ሙከራ ሰዎች ጽሑፎችን እያነበቡ ስሕተት እንዲለቅሙ የሚያደርግ ነበር። ሥራውን በሙሉ መጨረሻ ላይ ብቻ አስረክቡ የተባሉት ከሁሉም ያነሰ ሠሩ። ለራሳቸው ቀን የቆረጡት ተሻሉ። በእኩል የተከፋፈለ ገደብ ከውጭ የተሰጣቸው ደግሞ ከሁሉም በለጡ። ማንነታቸውን ማንም አልነካውም። ቀኑ ነው የተነካው።

በ1997 ደግሞ ጎልዊትዘርና ቬሮኒካ ብራንድሽቴተር ተማሪዎች የገና ዋዜማን እንዴት እንዳሳለፉ በ48 ሰዓት ውስጥ ጽፈው እንዲልኩ ጠየቁ። ግማሾቹን መቼና የት ቁጭ ብለው እንደሚጽፉ አስቀድመው እንዲወስኑ አደረጓቸው። ከነዚህ ውስጥ ሦስት አራተኛ ገደማ በጊዜው ላኩ። ከሌሎቹ የላኩት አንድ ሦስተኛ ገደማ ብቻ ናቸው። «ነገ ጠዋት፣ እራት ጠረጴዛው ላይ፣ ሌላው ሰው ሳይነሳ» የምትል ዓረፍተ ነገር ግጥም አትሆንም። መስታወት ፊት ቢሏትም ታስቃለች። ግን ስለ ሠሪው ምንም አትጠይቅም፤ ሰዓቱን ብቻ ነው የምታውቀው። የምወድላትም ይህንኑ ነው።

ሥራን ማሳነስ የምለው እንግዲህ ይህን የመሰለውን ነው። ሥራውን ስለ ማንነት የማይናገር እስኪሆን ድረስ መቆራረስ። «መጽሐፉን መጻፍ» ስለ እኔ ይናገራል። «የትናንቱን አንቀጽ ማንበብ» ምንም አይናገርም። እኔ የምገባው በሁለተኛው በር ነው። አንዳንድ ቀን ያነበብኩትን አንቀጽ ሳልነካ እተወዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ቀና ስል ሁለት ሰዓት አልፏል። ባለሙያ ሆኜ አይደለም የተቀመጥኩት፣ አንቀጽ ላነብ ነው።

ጸሐፊው ስለ መጨረሻው ነገር ልክ መሆናቸውን መካድ አልፈልግም። ሰው ሥራውን ማሳደር ሲተው ራሱን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። ግን ቅደም ተከተሉን ገለበጡት። ዳሪል ቤም የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያቀረበው ሐሳብ አለ። ሰው ስለ ራሱ ብዙውን ነገር የሚያውቀው፣ ሌላን ሰው እንደሚያጠና ሁሉ የራሱን ሥራ ተመልክቶ ነው ይላል። ስለዚህ ያ የውስጤ ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን ሲገልጥ የሚያየው የሠራሁትን ነው፤ መስታወት ፊት የተናገርኩትን አይደለም። መዝገቡ ውስጥ ሌላ ነገር ከገባ እሱም ሌላ ያነባል። ይህ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ሲመጣም አያስታውቅም።

የቤት ሥራውስ? ሠራሁት። ምሎ መናገር ይቻላል፤ አንድ ገጽ ሙሉ፣ በእጅ ጽሑፍ። አዲሱ እኔ በማለዳ ይነሳል። የተረጋጋ ነው። የጀመረውን ይጨርሳል። ለሰው መልስ ይሰጣል። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ፤ ሁለት ጊዜ ገልብጬዋለሁ፣ የእጅ ጽሑፌ እንዲያምር። ባለቤቴ አልፋ ስትሄድ ከትከሻዬ በላይ አየችው።

«ለመምህርህ መለስክላቸው?» አለችኝ።

«አልመለስኩም። እያሰብኩበት ነው።»

«ጽሑፋቸውን ወደኸዋል?»

«በጣም። በተለይ ሦስተኛውን ገጽ።»

«እንደዚያ ብለህ ላክላቸዋ።»

ላክሁ። «አንብቤዋለሁ። በተለይ ሦስተኛው ገጽ በጣም ደስ ብሎኛል።» ሁለት መስመር አልሞላም። ይቅርታም ምክንያትም ረሳሁ።

መምህሬ መልስ የሰጡኝ ከ5 ሳምንት በኋላ ነው። «መልስ ሳልሰጥህ ቆየሁ፤ ሳስብበት» ብለው ይጀምራሉ።